የተገለበጠው መጽሐፍ

ሁለት የገዛ ልጆችሽን ቤት ውስጥ ማንበብ ማስተማር ያቅትሻል የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስቅበት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። አዋሽ ላይ ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ቆርቆሮው እየጋለ፣ ጠመኔው በላቤ እየራሰ ፊደል አስቆጥሬአለሁ። የእኔ ክፍል ልጆች ሀ ሁ ሲሉ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል እየተባለ ይቀለድ ነበር፤ እኔም ቀልዱን እንደ ሙገሳ ነበር የምወስደው። ስለዚህ ባለቤቴ ሰመራ ሥራ አግኝቶ በጥር ወር ጓዛችንን ጠቅልለን ስንሄድ ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ ልጆቹ ትምህርት አልተጨነቅሁም።

ባለቤቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ከጂቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም እሱ ተጠርቶ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ዲቾቶ፣ አንዳንዴ እስከ ገላፊ። ከሄደ ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ተከተልኩት። የተከራየነው በአንዲት አፋር እናት ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ከነበረንዳው ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ አለ። ሰመራን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤታችን አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ ተማሪ አንቀበልም አለ። መሸኛው ላይ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ውጤት የለም፣ ክፍሉም ሞልቷል። መስከረም ላይ ይዘሻት ነይ፣ ጮክ ብላ እናስነብባታለን፣ ካነበበች ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፣ ካላነበበች አንደኛን ትደግማለች አሉኝ። የሚያወሩት ስለ ትልቋ ልጄ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትንሿ ገና አምስት ዓመቷ ስለሆነ የሚጠይቃት አልነበረም።

ትልቋ ግን ጮክ ብላ ማንበብ ትታ ነበር። አዋሽ እያለን ነው የተወችው፣ በኅዳር ወር፣ በእኔው ክፍል ውስጥ።

እንዴት እንደሆነ ልናገር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንደኛ ክፍልን የማስተምረው እኔ ስለነበርኩ ልጄ ተማሪዬ ሆነች። ታዳላለች እንዳልባል ፈራሁ። ከበሩ ወዲህ እናት የለም፣ ቲቸር በይኝ አልኳት። ሌላው ልጅ አንድ ጊዜ ሲጠየቅ እሷን ሁለት ጊዜ እጠይቃት ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት አቁሜ ስለ አንዲት ላም የሚያወራ ገጽ አስነበብኳት። ሳትደነቃቀፍ ተንደረደረች፤ ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ጠረጠርኩ። መጽሐፉን ከእጇ ወስጄ፣ ገልብጬ፣ መልሼ ሰጠኋት። እሷም የተገለበጠውን መጽሐፍ ይዛ ላሚቱ ሣር በላች፣ ላሚቱ ውኃ ጠጣች እያለች ቀጠለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም ሄዳ ቁጭ አለች።

ይኸው ነው። ሻይ ሰዓት ላይ ለመምህራኑ ነገርኳቸው፤ ሁሉም የየራሱን አወጣ። በዝማሬ ስለምናስተምር ልጆቻችን ገጹን ሳይሆን ዜማውን ነው የሚይዙት። ይሄ ያላጋጠመው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ እኔ ባለሁበት አፏን ከፍታ አላነበበችም። ዓይኗ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እያነበበች ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻልኩም። እኔም የማስተማሪያው ችግር ነው ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ መጽሐፍና ጥሩ ዕቅድ ካገኘሁ መስከረም ሳይደርስ አስተካክላታለሁ አልኩ።

እናም መጽሐፍ መምረጥ ጀመርኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱን የአንደኛ ክፍል አማርኛ ከአዋሽ ይዤ መጥቻለሁ። የባለቤቴ እህት ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት መጻሕፍት በአውቶቡስ ላከችልኝ፤ ወረቀታቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሥዕላቸው የበዛ። ከቴሌግራም ደግሞ እንቅልፍ እስከማጣ ድረስ አወረድኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለችው ልጅ ስታየኝ መሣሪያውን ቀድማ ትከፍት ጀመር። የፊደል ገበታ በሦስት ዓይነት ገዛሁ። አልጋው ላይ ስዘረጋው የምንተኛበት ቦታ ጠፋ። አንዱን አንስቼ ይሄ ይሻላል እላለሁ፤ ሌላውን ስገልጥ ያኛው የሌለው ነገር አለው። አንዱንም መተው አቃተኝ። የተውኩት መጽሐፍ ውስጥ ልጄን የሚያድናት ገጽ ያለ እየመሰለኝ ነበር።

ቀጥሎ ዕቅድ አወጣሁ። አንድ ቋንቋ ለዘጠኝ ቆራረጥኩት፦ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ የቃላት ፍቺ፣ ሰዋስው፣ ቃለ ጽሕፈት፣ እጅ ጽሑፍ፣ አንብቦ መረዳት። በሠንጠረዥ ነው የሠራሁት፤ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ የግምገማ ዘዴ። ከታች ያዘጋጀው ብዬ ፈረምኩ። ልማድ ሆኖብኝ ያጸደቀውም የሚል መስመር አስምሬ ነበር፤ ባዶ መተው ደስ ስላላለኝ እዚያም ላይ ፈረምኩ። ባለቤቴ አይቶት፣ “ታዲያ ከራስሽ ጋር በአንዴ ተስማማሽ?” አለኝ። አልሳቅሁለትም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ስም እጠራለሁ። ሁለት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱንም እኔ ነኝ የወለድኳቸው፣ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቢሆንም እጠራለሁ። ትንሿ፣ “አቤት ቲቸር!” ብላ ትነሳና ሌላም ስም ካለ ጥሪኝ ትለኛለች። ትልቋ፣ “አቤት ቲቸር” ትላለች ወለሉን እያየች።

በመጀመሪያው ሳምንት የወደቀው ሰዋስው ነው። ትንሿ ስም ምን ግስ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ ትልቋ ግሱን ከስሙ ለይታ አስምራበት አፏን አትከፍትም። ምን እያደረግሁ ነው አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የአዲስ አበባው መጽሐፍ ወደቀ። “በሰፈርሽ የሚገኙ አምስት ዛፎችን ቁጠሪና ጻፊ” ይላል መልመጃው። ትንሿ ወጥታ፣ ቆጥራ፣ ተመልሳ፣ “አንድ” አለችኝ። ሌላው ገጽ ልጆች ካፖርት ለብሰው እሳት ሲሞቁ ያሳያል። ትልቋ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ያኔ መብራት ጠፍቶ ፋኑ ቆሞ ነበር።

ሙቀቱም የራሱን ዕቅድ አወጣ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ክንዳቸው ደብተሩ ላይ ይጣበቃል፣ አራት ሰዓት ላይ እኔ ራሴ የምጠይቀውን እረሳለሁ። ስለዚህ ዘጠኙን በሁለት ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ አጣደፍኳቸው። ትልቋ ስትጽፍ ገና ፊደሏን ሳትዘጋ “እግሩ!” እላታለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጀምር መሃል ላይ ገብቼ አቃናላታለሁ። የማስተምር ይመስለኝ ነበር። እየቆየ መልሷ በአንድ ቃል ሆነ፣ ከዚያም በራስ መነቅነቅ።

በመጋቢት መጨረሻ ባለቤቴ ከዲቾቶ ተመልሶ ለምሳ ሲገባ እኔ የመጻሕፍቱን ክምር እንደገና እየለየሁ ነበር። እጁ ገና በግራሶ እንደጠቆረ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

“መኪና ቆመ ብለው ሲጠሩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?” አለኝ።

“ምን ሆነ ብለህ ነዋ።”

“አይደለም። መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነው ብዬ ነው። ሰው ያልነካው መኪና ሲበላሽ በቀላሉ ይገኛል። ሰው የነካው ነው የሚያስቸግረው።” ክምሩን ተሻግሮ ገባና፣ “ልጅቷን መጨረሻ የነካት ማን ነው?” አለ።

ቱግ አልኩ። ልጅና መኪና አንድ ነው ወይ፣ አንተ መንገድ ለመንገድ ስትዞር እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ፣ ያልኩትን ሁሉ አሁን አልደግመውም። እሱ እጁን በኦሞ ታጥቦ ምሳውን በላ። ነገሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

አከራያችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደ ልጆቹ። በየጠዋቱ ከከተማው ውጭ አንዲት አፋር ሴት የፍየል ወተት ታመጣላቸዋለች። ወተቱ የሚለካው ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ይጨባበጡና ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ተናጋሪዋ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። ዳጉ ይሉታል። አዋሽ ስኖር ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ሲገናኙ የሚያወሩት ወሬ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። እንዲያውም የስንት ሰዓት ወሬ ነው፣ ወተቱ እኮ ይበላሻል እያልኩ በሆዴ አማቸው ነበር።

ትልቋ ግን ከእኔ ሸሽታ እነሱ ጋ መቀመጥ ጀመረች። አፋርኛውን ምን ያህል እንደምትሰማ አላውቅም። ትምህርት ሰዓት ደርሷል ብዬ ስጠራት እማማ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ወተት ሻጯ ንግግሯን እስክትጨርስ ድረስ በገዛ በረንዳዬ ላይ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆምኩ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ፣ “መምህርት፣ ሰው ዳጉ ሲናገር አይቋረጥም” አሉኝ።

“ይቅርታ እማማ፣ ወሬ መስሎኝ ነው።”

“ወሬ አይደለም። ወሬ ላይ የፈለግሽውን ትጨምሪያለሽ። ዳጉ ያየሽውን ነው። የሰማሽው ከሆነ ከማን እንደሰማሽ ትናገሪያለሽ። ሰውየው ሲናገር አፍሽንም እጅሽንም ትሰበስቢያለሽ። ሲጨርስ ትጠይቂዋለሽ። ከዚያ ያንቺ ተራ ነው፣ አንቺ ደግሞ ትናገሪያለሽ። የሰማሽውን ቀንሰሽ ለሌላ ካደረስሽ ወላሂ ሁለተኛ ማንም አይሰማሽም። ውኃ የት እንዳለ፣ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን፣ በዳጉ ነው የምናውቀው። ከብትም ሰውም ይሞታል፣ ከቀነስሽ።” ከዚያ ወደ ልጄ እያዩ፣ “ይቺ ጥሩ ትሰማለች፣ ማሻአላህ” አሉ።

ልጄ ጥሩ ትሰማለች ተብላ ስትመሰገን ያየሁት ያኔ ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ ከአፏ ድምፅ ስጠብቅ ጆሮዋን አላየሁትም ነበር።

በማግሥቱ ስም አልጠራሁም። ዕቅዱን አጥፌ ፍራሽ ሥር ከተትኩት። መጻሕፍቱን ሁሉ ጆንያ ውስጥ አስገባሁ፤ የመንግሥቱን አንድ መጽሐፍ ብቻ አስቀረሁ፣ እሱንም መስኮቱ ላይ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ይዤ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩና ትልቋን፣ “ከትናንት ጀምሮ ያየሽውን ንገሪኝ” አልኳት። ጠረጠረችኝ። ደብተሩንና ብዕሩን አየች። ከዚያ፣ “ድመቷ የእማማ አጥር ላይ ወጣች” አለች። “ከዚያስ? ምን ዓይነት ድመት? ሙሉ ዓረፍተ ነገር...” ሊያመልጠኝ ሲል ምላሴን ነከስኩ። እሷም ዝም ማለቴን ስታይ ቀጠለች። ወጣች፣ መውረድ አቃታት፣ ጮኸች፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ ላይ ዘለለች፣ ነጠላሽን ቀደደችው። ነጠላዬ መቀደዱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

የነገረችኝን በደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ በአራት መስመር፣ በጉልህ። እሷ ገለበጠችው። አለቀ። ዘጠኙ ነገር አንድ ሆነ፤ ትናገራለች፣ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ትገለብጣለች። ትንሿም የራሷን ትናገራለች፤ የእሷ ዳጉ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ጅብ ስለሚገባ እማማ፣ “አይተሽዋል?” ይሏታል፤ “አላየሁም፣ ግን ነበረ” ትላቸዋለች። አንድ ሰዓት አይሞላም ሥራው። ለአሥራ አንድ ዓመት አስተማሪ ይህን ሥራ ነው ብሎ መቀበል እንዴት እንደከበደኝ መካድ አልፈልግም። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ እያልኩ አፈርኩ።

በሰኔ ትልቋ ደብተሩን ይዛ እማማ ጋ መሄድ ጀመረች። በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም ከዛፉ ሥር ድምፅ ይሰማኛል፤ ታነብላቸዋለች። እማማ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። ስትሳሳት የሚያውቁባት አይደሉም። እጄ ምስሩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ብድግ ስል ድምፁ ይጠፋል፣ ስቀመጥ ይመለሳል። ደስታዬ ግን ግማሽ ነበር። የነገረችኝ እሷ ናት፣ የተጻፈው የራሷ ቃል ነው፤ በቃሏ እየወጣችው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ያቺ ላም አሁንም ሣር እየበላች እንደሆነስ?

ነሐሴ ገባ። ለፈተናው የቀሩትን ሳምንታት በጣቴ እቆጥር ጀመር። አንድ ጠዋት አላስችል አለኝና አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ደብተሩ ጭኗ ላይ ተዘርግቷል። “ለእኔም አንብቢልኝ” አልኳት፣ በለሰለሰ ድምፅ። ጎሮሮዋን ጠራረገች። እውነቴን ነው የምላችሁ ልትጀምር ነበር። እኔ ደግሞ ሳላስበው እጄን ወደ ደብተሩ ዘረጋሁ። በመዳፌ መስመሩን ሸፍኜ ልፈትናት ነው። እጄን አየችው። ደብተሩን ዘጋች፣ ተነሳች፣ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኛች።

እማማ ሁሉንም አይተዋል። መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨረሱና፣ “እጅሽን ሰብስቢ ብዬሽ ነበር” አሉኝ። አለቀስኩ። ስለ ፈተናው አልነበረም፤ የባለቤቴ ጥያቄ ያኔ ነው መልስ ያገኘው።

በማግሥቱ ልጅቷ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ዛፉ ሥር ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ እንደ ወተት ሻጯ እግሯን አጥፋ።

“ዳጉ አለኝ” አለች። “የቆየ ነው።”

እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

“አዋሽ አንድ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ አስተማሪዋ ናት፤ ግን እማዬ አትላትም፣ ቲቸር ነው የምትላት። ልጅቷ ማንበብ ትችላለች፣ ትንሽ ትንሽ። ሰሌዳው ጋ ስትቆም ግን ፊደሎቹ ይጠፉባታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ገጹን በቃሏ ያዘችው፣ ቲቸር እንድትደሰት ብላ። ቲቸር መጽሐፉን ገለበጠችው። ልጅቷ መገልበጡን አይታለች። ግን ብታቆም የምትቆጣት መሰላት፣ ስለዚህ አላቆመችም። ልጆቹ ሳቁ። ቲቸርም ሳቀች። ልጅቷ ሄዳ ቁጭ አለች። ያየሁት ይሄን ነው።”

ስንት ጊዜ አፌ ሊከፈት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ታዳላለች እንዳልባል ነው ልላት ፈለግሁ፤ በሌሎቹም ልጆች እስቅ ነበር ልላት ፈለግሁ። ሕጉን ግን ተቀብያለሁና ዝም አልኩ። ከዚያም እንደ ልማዳችን የነገረችኝን ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፣ ከሌላው ቀን ረዘም ብሎ፣ አንድ ሙሉ ገጽ። እሷም ሳታየው ደብተሩን ወስዳ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ከእማማ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሳሉ ጠራችኝ። ደብተሩን ገለጠች። እኔ ዓይን ዓይኗን እንዳላይ ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። አዋሽ፣ ብላ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ አንዳንዱ ቃል ላይ እየቆመች። ሰሌዳው ጋ ደረሰች። መጽሐፉ ተገለበጠ። “ልጆቹ ሳቁ” አለችና ቆመች። ተመልሳ ከመስመሩ መጀመሪያ አነበበችው። እንደገና ቆመች።

“እማዬ፣ እዚህ ጋ ጎድሏል” አለች።

“ምን ጎደለ?”

“ቲቸርም ሳቀች ብዬሽ ነበር። እዚህ ግን የለም። ልጆቹ ሳቁ ይላል፣ ከዚያ ልጅቷ ሄዳ ቁጭ አለች ይላል።”

አልነበረም። አልጻፍኩትም። እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብዕሬ ራሱ ነው የዘለለው ብል ማን ያምነኛል? ከላይ ለእናንተም ስነግራችሁ እንደዚሁ ነው ያደረግሁት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ አልኩና አለፍኩ። ለመምህራኑም፣ ለባለቤቴም እንደዚያው ነው የነገርኳቸው። ከሁሉም ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ እስከ እንባዬ ድረስ፣ የሰባት ዓመት ልጄ መጽሐፍ ይዛ እያየችኝ።

ልጄ በቃሏ እየወጣች ቢሆን ኖሮ ያንን መስመር ራሷ ሞልታው ታልፍ ነበር። እሷ ግን ያነበበችው የተጻፈውን ነው። ስፈልገው የነበረውን ማስረጃ አገኘሁ።

ፈተናው መስከረም ላይ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። አንድ የማላውቃቸው መምህር አንድ ገጽ ሰጧት፣ አነበበች፣ ግቢ ተባለች። ትንሿም ዘንድሮ ከእሷ ጋር ትሄዳለች። ጆንያው ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ደብተሩ ግን እኔ ጋ ነው።

ልጄ ጉድለቱን ባገኘችበት በዚያ ጠዋት ግን እማማ ወደ እኔ ዞረው በረጅሙ አዩኝ። ብዕር ጠየቅሁ፤ ልጄ ከጸጉሯ ውስጥ የሰካችውን አውጥታ ሰጠችኝ። በሁለቱ መስመሮች መሃል ባለው ጠባብ ቦታ፣ በደቃቁ፣ “ቲቸርም ሳቀች” ብዬ ጻፍኩና መለስኩላት። ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው፤ ያችንም መስመር ጭምር።

ስትጨርስ ደብተሩን ዘግታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

“አሁን ያንቺ ተራ ነው” አለችኝ።

“አዋሽ አንዲት እናት ነበረች” ብዬ ጀመርኩ። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም።